ጥምረት ቦምብ ያስቀራል ወይ?

የሳምንቱ መከራከሪያ፦ ቀጠናዊ ጥምረት አገሮች የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይሠሩ ያግዳል ወይስ አያግድም? (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከለገጣፎ፦ ያግዳል። አሜሪካ በ1971 አንድ ክፍለ ጦሯን ከደቡብ ኮሪያ ስታስወጣ ሴኡል የራሷን ቦምብ ማሰብ ጀመረች። ካገለገለ የሪአክተር ነዳጅ ፕሉቶኒየም የተባለውን የቦምብ ዕቃ የሚለይ ፋብሪካም ከፈረንሳይ ልትገዛ ነበር። ዋሽንግተን ጠንከር ብላ ስትጫናት በ1975 የኒውክሌር መሣሪያ ሥርጭት መከላከያውን ስምምነት አጸደቀች፤ በ1976 ግዢው ቀረ። ጠባቂ ያለው አገር የሚያጣው ነገር አለው።

ከሱሉልታ፦ ጋሼ፣ ፈረንሳይን ረሱዋት? የኔቶ መሥራች ሆና ሳለ በ1960 አልጄሪያ በረሃ ላይ ቦምቧን አፈነዳች። የሚያስቀረው እርስ በርስ መፈታተሽ ነው። ብራዚልና አርጀንቲና በ1991 የጋራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ ብራዚላዊው የአርጀንቲናን ፋብሪካ ይፈትሻል፣ አርጀንቲናዊውም የብራዚልን። የኒውክሌር ዕቃውን ክብደት ከመዝገብ ያመሳክራሉ፣ የማሸጊያውን ቁጥር ያያሉ። ካልገጠመ ቆጠራው ይደገማል።

ከሰበታ፦ እህቴ፣ በዚህ እስማማለሁ፤ የእኛው አህጉር ስምምነት የጎደለውም ይኸው ነው። አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ ቀጠና የሚያደርገው የፔሊንዳባ ስምምነት በ1996 ካይሮ ላይ ተፈረመ፣ በ2009 ሥራ ላይ ዋለ፣ የራሱ ተቆጣጣሪ ግን የለውም። ጎረቤቱን የጠረጠረ አገር መጀመሪያ ለራሱ ለተጠርጣሪው ነግሮ 30 ቀን ይጠብቃል። ካልረካ ለአፍሪካ የኒውክሌር ኃይል ኮሚሽን ያመለክታል፤ ኮሚሽኑም ለተከሳሹ ሌላ 45 ቀን ይሰጣል። የቪየናው የአቶሚክ ኤጀንሲ እንዲፈትሽ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ያው ኤጀንሲ ግን በብረት መልክ የተያዘ፣ በከፍተኛ ደረጃ የበለፀገ (ለቦምብ የሚሆነው ክፍሉ እንዲበዛ የተደረገ) ዩራኒየም ወደ ቦምብ አካል ለመቀየር ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል ብሎ ይገምታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከለገጣፎ፦ ዕቃውን ለይ እንጂ ወንድሜ። የኃይል ማመንጫ ነዳጅ በዝቅተኛ ደረጃ የበለፀገ ስለሆነ ግምቱ ከ3 እስከ 12 ወር ነው። በ75 ቀን፣ ማለትም በ30ውና በ45ቱ ድምር፣ ይደረስበታል።

ከሰበታ፦ ያገለገለው ነዳጅስ? እሱ ከ1 እስከ 3 ወር ነው፤ 75 ቀን እዚያው መሃል ይወድቃል። ግብፅ ኤል ዳባ ላይ እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋ ዋት የሆኑ 4 ሪአክተሮች እየገነባች ነው። የቪየናው ቁጥጥር ይመለከታታል፤ ፔሊንዳባን ግን ፈርማ አላጸደቀችም። ቦምብ ልትሠራ ነው አላልኩም። ነገ ጥርጣሬ ቢነሳ ግን በዚህ ስምምነት የምንጠይቃት መንገድ የለንም።

ከሱሉልታ፦ ስለዚህ ሁለቱ ቀጠሮዎች ጎን ለጎን ይቆጠሩ፤ 75 የነበረው 45 ይሆናል። ኮሚሽኑ ከኤጀንሲው ቡድን ጋር የራሱን ተወካይ መላክ አሁንም ተፈቅዶለታል፤ በዚያ በር የጎረቤት አገር ባለሙያ ይግባ። ሚዛኑንና ማሸጊያውን ማንበብ የሚችል ሰው ከአሁኑ ይሠልጥን።