አርብ አርብ የምንገናኝ አራት ጓደኛሞች በአራት የአውሮፓ ከተሞች ልንበተን ነው፤ በየወሩ ተገናኝቶ መጓዝ ይቻላል?

የአራት ኪሎው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አምስት ኪሎ ግቢ አብረን ከተማርንበት ጊዜ ጀምሮ ያልተለያየን አራት ጓደኛሞች ነን። ሥራ ከያዝን ወዲህ እንኳ አርብ አመሻሽ ላይ አራት ኪሎ በአንዲት ጠባብ ማኪያቶ ቤት ሳንገናኝ የቀረንባቸው ሳምንታት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዘንድሮ አራታችንም ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀባይነት አግኝተን በመጪው መስከረም እንሄዳለን፤ ይሁን እንጂ የደረሰን በአንድ አገር አይደለም። እኔ ጀርመን ጎቲንገን፣ አንደኛው ጓደኛዬ ቤልጅየም ሉቨን፣ አንደኛዋ ኔዘርላንድስ ዋገኒንገን፣ አራተኛው ደግሞ ሰሜን ጣሊያን ፓዶቫ ነው የምንማረው።

ባለፈው አርብ የሒሳብ ወረቀቱን ገልብጠን በጀርባው ላይ ልናያቸው የምንመኛቸውን ከተሞች ስንጽፍ ፓሪስ፣ ፕራግ፣ ባርሴሎና፣ ለንደን እያልን 11 ደረሱ። በየወሩ አንድ ቅዳሜና እሑድ ተገናኝተን አብረን ለመጓዝም ቃል ተገባባን። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ልቤ አመነታ። የእኔን ወጪ የሸፈኑት ቤተሰቦቼ ናቸው፤ ጀርመን ለተማሪ ቪዛ በምትጠይቀው መሠረት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ አስገብተውልኝ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀልኝ ልኖር ነው። ታላቅ እህቴ «አገርም እይ» ብላ መርቃኛለች፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ ከስንት ሰው ኪስ እንደተሰበሰበ ስለማውቅ ከላዩ ላይ ለአውቶቡስና ለማደሪያ ማንሣት ይከብደኛል። የፓዶቫው ጓደኛችን ደግሞ ከሁላችንም ያነሰ ገንዘብ ይዞ ከሁላችንም የራቀ ቦታ ነው የሚኖረው።

እዚያ ኖራችሁ የተመለሳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ይዞ ወደ ሌሎቹ አገሮች መግባት እንዴት እንደሆነ፣ ገንዘቡስ እንዴት እንደሚያዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ቀጠሮ እስከ መጨረሻው የዘለቀላችሁ እንደሆነ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የካዛንቺስ ልጅ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የወረቀቱን ጉዳይ ላቅልልህ። አራቱም አገሮቻችሁ በሼንገን (የጋራ የቪዛ ሥርዓት ባላቸው የአውሮፓ አገሮች ቀጠና) ውስጥ ናቸው፤ ከአንዱ የሼንገን አገር የጥናት ቪዛ ወይም መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በሌሎቹ ውስጥ ከማናቸውም 180 ቀናት መካከል እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። በወር ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ቀን ብትጓዝ እንኳ በስድስት ወር 36 ቀን ነው፤ ስለዚህ ቀኑ አያልቅብህም። ቡልጋሪያና ሮማኒያ ከ2025 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ በሙሉ ገብተዋል፤ ስዊዘርላንድም የአውሮፓ ኅብረት አባል ሳትሆን በሼንገን ውስጥ ናት። ለንደንና ደብሊን ግን ከዚህ ውጭ ስለሆኑ የየራሳቸውን ቪዛ ይጠይቃሉ፤ ከ11ዱ ለንደንን ለጊዜው ሰርዟት።

ልትጠነቀቅበት የሚገባው ወቅት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ናቸው። የገባህበት ቪዛ ሊያልቅ፣ የመኖሪያ ካርዱ ደግሞ ገና ሊሆን ይችላል፤ በዚያ መሐል የሚሰጥህን ጊዜያዊ ወረቀት ይዘህ ድንበር አትሻገር። ካርድህ ከወጣ በኋላም ፓስፖርትህንና ካርድህን በዋናው ያዝ፤ ፎቶ ኮፒ ወይም በስልክ የተነሣ ምስል አይጠቅምም። ጀርመን ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር ስለጀመረች ፖሊስ ሌሊት አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ተሳፋሪውን ሁሉ ሊጠይቅ ይችላል። በአውሮፕላን ስትሄድም ከአንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች ጋር የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ መንገደኛ ወደ ፍተሻው ከማለፉ በፊት ሰነዱን በአየር መንገዱ የመመዝገቢያ ጠረጴዛ ላይ ማሳየት አለበት፤ ይህን ሳያውቅ በር ላይ ደርሶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

አሁን በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት የአዲስ አበባ ልጆች ከየከተማቸው፣ እኔም ከምኖርባት ከተማ ተነሥተን ፕራግ ልንገናኝ ቲኬት ቆረጥን። የእኔ የአውቶቡስ ቲኬት «ቅዳሜ 00፡30» ይላል። ወደ እኛ ሰዓት መልሼ ከሌሊቱ 6፡30 አልኩ፤ በዚህ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት በቀኑ ነው። ለእኛ የቅዳሜ ሌሊት ማለት ቅዳሜን ውለንና አምሽተን የምንደርስበት ሌሊት ነው፤ እነርሱ ግን ቀኑን የሚለውጡት እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ ቅዳሜ 00፡30 የሚሉት እኛ የአርብ ሌሊት የምንለውን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቼ ከመናኸሪያው ደውለው «የት ደረስክ?» ሲሉኝ አልጋዬ ላይ ነበርኩ፤ «የምነሣው ዛሬ ማታ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። ሁለቱን ቀን ያለ እኔ ዞሩ፤ ተመላሽ የማይደረግ ቲኬት ስለነበር ገንዘቡም ቀረ። ከዚያ በኋላ የሌሊት ቲኬት ስቆርጥ ከቀኑ አጠገብ «ከአርብ እራት በኋላ» ብዬ በእጄ እጽፍበት ነበር። ሰዓታቸው በመጋቢትና በጥቅምት ወር (በእነርሱ አቆጣጠር) የመጨረሻው እሑድ ላይ በአንድ ሰዓት እንደሚቀየርም አትርሳ፤ የመመለሻ ጉዞህ በትክክል በዚያ እሑድ ሊውል ይችላል።

ፒያሳ ነኝ

ለአራታችሁም ነው የምጽፈው። ሦስት ዓመት ብራስልስ ኖሬያለሁ፤ እኛም እንደ እናንተ ቃል የተገባባን አምስት ጓደኛሞች ነበርን። የመጀመሪያውን ዓመት የበላብን የጉዞው ወጪ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ገንዘቡ አለመነጋገራችን ነው። አገር ቤት ሳለን ሒሳብ ሲመጣ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እያልን መጎተት የፍቅር ምልክት ነበር፤ ያንኑ ልማድ ይዘን ሄድን። አንዱ የአምስታችንን ማደሪያ ይከፍላል፣ ሌላው እራት ይጋብዛል፤ ማንም ለማንም ስንት እንዳወጣ አይናገርም። ከመካከላችን ድጎማዋ ዝቅተኛ የነበረችው ልጅ ሁለት ጊዜ ተጋብዛ በሦስተኛው «ፈተና አለብኝ» አለች፤ በአራተኛው «አመመኝ» አለች፤ ከዚያ ወዲያ መጠየቁንም ተውነው። ፈተና እንዳልነበራት ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ራሷ ስትነግረኝ ነው። መጋበዝ ሳትችል መጋበዙ ከብዷት እኛን እንደሸሸች ስትነግረኝ ያፈርኩትን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የፓዶቫው ጓደኛችሁ ነገር ሲነበብ ልቤ ወደ እርሷ የሄደው ለዚህ ነው።

ነገሩን ያስተካከለልን እናቴ በስልክ የተናገረችው ቃል ነው። ጉዳዩን ስነግራት «ታዲያ እንደ ማኅበር በተራ አታደርጉትም?» አለችኝ። እንዳለችውም አደረግን። በየወሩ ተረኛ የሚሆነው ሰው በሚኖርበት ከተማ ያስተናግዳል፤ ቤት ያፈራውን ያበስላል፤ የቀሩት የመኝታ ከረጢታቸውን ይዘው መጥተው ወለሉ ላይ ያድራሉ (የተማሪ መኖሪያ ከሆነ እንግዳ ስንት ሌሊት ማደር እንደሚፈቀድ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ያሻል)። በዚህ የሆቴል ወጪ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ከተማውንም የሚያሳየን የሚኖርበት ሰው ስለሆነ ትልቁን አደባባይ ፎቶ አንሥተን ከመሄድ ይልቅ የሚገዛበትን ገበያና የሚያነብበትን ቤተ መጻሕፍት አየን።

የመጓጓዣውን ደግሞ በእኩል ተካፈልን፤ ይህ ነው ዋናው ነገር። የሁሉም ቲኬት ዋጋ ይደመርና ለሰው ቁጥር ይካፈላል። ለምሳሌ ከእናንተ አንዱ 20፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛዋ 45፣ የፓዶቫው 140 ዩሮ ቢያወጡ ድምሩ 240 ነው፤ እያንዳንዳችሁ 60 ዩሮ ትሸፍናላችሁ ማለት ነው። ቅርብ ያለው በርቀቱ ተጠቅሞ፣ ሩቅ ያለው በርቀቱ ተቀጥቶ አይቀርም። ለዚህ እንዲሆን ልክ እንደ ዕቁብ በወሩ መጀመሪያ ሁሉም እኩል እያዋጣ አንድ ሰው እንዲይዝ አድርጉ፤ መጠኑንም የሚወስነው ከሁሉ ያነሰ ገቢ ያለው ሰው ይሁን፤ እርሱ «ይህን እችላለሁ» ካለው በላይ አትሂዱ። ይህን ንግግር ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ አራት ኪሎ ማኪያቷችሁን ይዛችሁ፣ ፊት ለፊት እየተያያችሁ አድርጉት። በስልክ በሚጻፍ መልእክት «አይመቸኝም» ማለት በጣም ቀላል ስለሆነ ሰው እውነቱን አይናገርም።

ስለ «በየወሩ» ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ በጥርና በሰኔ አካባቢ ፈተና ስለሚበዛ አይሆንም። እኛ በዓመት ስድስት ጊዜ ተገናኝተናል፤ ስድስቱም ተሳክተዋል።

ለገሃር

ከፒያሳዋ እኅታችን ምክር ላይ ስለ መድረሻው ጥቂት ልጨምር። የ11 ከተሞቹን ዝርዝር አልወደድኩትም። እኔም በመጀመሪያው ዓመት አገር እየቆጠርኩ ሮጫለሁ፤ ከእነዚያ ጉዞዎች አብዛኛው በአእምሮዬ ውስጥ የቀረው የባቡር ጣቢያና የእግር ሕመም ሆኖ ነው። ርካሹ በረራም ብዙ ጊዜ ከከተማው ርቆ እንደሚያሳርፍ እወቁ፤ «ፍራንክፈርት ሃን» የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከሁለት ቀን ጉዞ ውስጥ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ያልቃል።

ሦስቱ ሰሜን ስላላችሁ ለመጀመሪያው ኮሎኝ ትስማማችኋለች፤ ከሉቨንም ከዋገኒንገንም በባቡር ሩቅ አይደለችም። ከጣቢያው በር ስትወጡ 157 ሜትር ቁመት ያለው ካቴድራል ፊታችሁ ላይ ይቆማል፤ ውስጡ በ1164 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማዋ የመጣው የሰብአ ሰገል አፅም ያረፈበት ነው ተብሎ የሚከበር የወርቅ ሣጥን አለ። ከጎቲንገን የምትነሣው ወንድማችን የጀርመኑን ወርኃዊ ቲኬት ይዘህ በመለስተኛ ባቡሮች ከሄድክ ረጅም ሰዓት ይወስድብሃል፤ ፈጣኖቹ ባቡሮች በዚያ ቲኬት አይሠሩም።

አንተ ተረኛ ስትሆን ግን ጓደኞችህን ይዘህ ጎታ ሂድ። በዚያው ቲኬት፣ ባቡር ሳትቀይር፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳለህ። ከኮረብታው ላይ ፍሪደንስታይን የሚባለው ትልቅ ነጭ ቤተ መንግሥት አለ። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. መጥተው ከጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ወራት የተቀመጡት እዚያ ነው። ሁለቱ ቀድሞ የተዋወቁት በ1649 ሮም ውስጥ፣ ቫቲካን በሚገኘው የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነበር፤ ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 ያሳተመው ከእርሳቸው በተማረው ላይ ተመሥርቶ ነው። እኔ የሄድኩት በኅዳር ነበር፤ በግቢው ድንጋይ ላይ በረዶ ጥሎ ነበርና እኒያ አባት በዚያ ስፍራ ቋንቋችንን ቃል በቃል ሲያስጽፉ እያሰብኩ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ቆየን።

ወደ ፓዶቫው በምትሄዱበት ጊዜ ደግሞ አንድ ረዘም ያለ የዕረፍት ቀን ፈልጋችሁ እስከ ሮም ዝለቁ። ከዋናው ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ በጥር 1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ ሐውልታቸውም እዚያው አቅራቢያ ቆሟል። በየቀኑ ለገሃር ስናልፍ የምናየው የይሁዳ አንበሳም ተዘርፎ ሮም የቆየ ነው። ከዚያ በእግራችሁ እስከ ፖርታ ካፔና ሂዱ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስኪነሣ ድረስ የቆመው እዚያ ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ተመልሶልን በ2008 እ.ኤ.አ. አክሱም ላይ ቆሟል፤ ስፍራው ግን ይታያል። ጥቂት እልፍ ስትሉ የቆስጠንጢኖስን ቅስት ታገኛላችሁ፤ አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የፈጸመው እዚያ ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ብትደርሱ የመንግሥት ሙዚየሞችና ኮሎሲየሙ በነጻ ናቸው፤ ሰልፉ ግን ረጅም ስለሆነ በጠዋት ተነሡ።

የአራት ኪሎው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን ይዤ ትናንት አርብ ከሦስቱ ጋር ተቀመጥን። ስለ ገንዘቡ መጀመሪያ የተናገረው የፓዶቫው ጓደኛችን ራሱ ነው፤ በወር 35 ዩሮ እንደሚችል ነገረን፤ በዚያው ተስማማን። ወረቀቷ ላይ ኮሎኝ፣ ጎታ፣ ፓዶቫና ሮም ብቻ ቀሩ። ኮሎኝን ጾመ ነቢያት ሳይገባ ለማድረግ አስበናል፤ የዋገኒንገኗ እህታችን ስለምትጾም ከዚያ በኋላ ያሉትን ጉዞዎች ምግቡን ይዘን ነው የምንሄደው። ከዚህ ምን ምን ብንይዝ ይሻላል?

ፒያሳ ነኝ

ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ያዙ። ንጥር ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ግን ይቅሩ፤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ስለሆነ በጉምሩክ ይወሰድባችኋል። ሽሮውን አራት ቦታ ከፍላችሁ በየሻንጣችሁ አድርጉት፤ የአንዳችሁ ሻንጣ ቢዘገይ የመጀመሪያው ተረኛ ባዶ እጁን አይቀርም።