አስቸኳይ! ለነገ ጠዋት በአውቶቡስ የሚኬድ የእግር ጉዞ ቦታ (የተከራየነው መኪና ተበላሸ)

የጎሮው (ቅዳሜ ማታ 2፡10)
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ የምታነቡ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ነገ 12 ሰዓት ላይ ተነስተን መናገሻ ሱባ ጫካ ልንሄድ ሚኒባስ ተከራይተን ነበር። ሹፌሩ አሁን ደውሎ «ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ነገ ደግሞ እሁድ ነው፣ ጋራዥ አላገኝም» አለኝ። ሌላ መኪና ብጠይቅ ዋጋው አይቀመስም። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሄደን፣ ጫካ ለጫካ በእግራችን ተዘዋውረን፣ ሳይመሽ የምንመለስበት ቦታ ንገሩኝ። ዳቦው ተደፍቷል፣ ቆሎው ተቆልቷል። መቅረት የለም!

ጫማ ይቅደም (2፡13)
እንጦጦ።

ሻይ በሎሚ (2፡15)
ስንት ናችሁ? ሕፃን አለ? ሽማግሌ አለ? ከጻፍከው ሁሉ ግልጽ የሆነልኝ ዳቦው ብቻ ነው። እሱንም ቦታ ካጣችሁ እኔ ቤት ማምጣት ይቻላል።

የጎሮው (2፡17)
ይቅርታ፣ ተጣድፌ ነው። ስድስት ነን። የምንነሳው ከጎሮ።

ያገር ልጅ (2፡20)
እኔ የማይገባኝ ይሄ «ሃይኪንግ» የሚሉት ነገር ነው። አያቴ በሳምንት ሁለቴ ገበያ በእግሯ ደርሳ ትመለስ ነበር፤ ማንም ፎቶ አላነሳትም። ደግሞ ጎሮ እየኖርክ ተራራ ትጠይቃለህ? የረር ፊትህ ተገትሮ!

የጎሮው (2፡22)
የረርን በመስኮት ነው የምናየው ወንድሜ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሳልይዝ ቤተሰብ ይዤ አልወጣም።

ጋሽ ምርኩዝ (2፡31)
ልጄ፣ የነገ መንገድ ዛሬ ማታ አይፈለግም። አንዴ ከሆነ ግን ስማኝ። አዲስ ጫማ የሚያደርግ ሰው እንዳይኖር። ተረከዙ ተልጦ መሀል ጫካ የሚቀመጥ ሁልጊዜ ባለ አዲስ ጫማው ነው። ውሃ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር። የኅዳር ጠዋት አጥንት ድረስ የሚገባ ብርድ አለው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ስለዚህ ሹራብም ባርኔጣም ያዙ። እንጦጦ የምትሄዱ ከሆነ የቆማችሁበትን እወቁ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ነው። ከተማው ወደ ታች የወረደው የላዩ ብርድና የማገዶ እጦት ሲያማርር፣ እቴጌ ጣይቱም ፍልውሃውን ሲወዱት ነው። ዛሬ የምታዩት ባህር ዛፍ ከዚያ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ማን ይወርድ ነበር?

ሻይ በሎሚ (2፡33)
እናመሰግናለን ጋሼ። አውቶቡሱስ?

ጋሽ ምርኩዝ (2፡36)
እሱን ወጣቶቹ ይንገሩት።

ወጨጫ (2፡38)
ሱባን ለምን ትተዋለህ? ከአየር ጤና የሰበታ ታክሲ ሞልቷል። ያን ጥድ ሳታይ እንጦጦ ሄደህ ባህር ዛፍ ልትቆጥር ነው? የሱባን ጥድ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተከሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል። ግንዱን ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው የሚያቅፈው። ጉሬዛው ከላይ ሲዘል ነጩ ጭራው ብቻ ነው የሚታይህ።

ጠጠር መንገድ (2፡41)
ሰበታ መድረሱ አይደለም ችግሩ። ከሰበታ እስከ ጫካው መግቢያ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ፒስታ ነው፤ መደበኛ ትራንስፖርት የለውም። መኪና ኮንትራት ካልያዝክ ሱባ ሳትደርስ ሱባኤ ትገባለህ። እኔ አንዴ ሞክሬዋለሁ። መግቢያው ላይ ስደርስ የመመለሻ ሰዓት ደርሶ ነበር። ጥበቃውን ሰላም ብዬ ዞርኩ።

ዝቋላ ናፋቂ (2፡43)
ዝቋላ! አናቱ ላይ ሐይቅ፣ ሐይቁ ዳር ገዳም። ምን ትፈልጋለህ ከዚህ በላይ?

ጠጠር መንገድ (2፡45)
ዝቋላ ናፋቂ፣ አንተ ጫማ ተቀደደብኝ ለሚልም ዝቋላ ነው የምትለው። ከጎሮ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ቢሾፍቱ፣ ከቢሾፍቱ ድሬ፣ ከዚያ 2,989 ሜትር ድረስ ዳገት። ለጥቅምት 5 ወይም ለመጋቢት 5 ከምዕመኑ ጋር ይወጣል፣ እዚያው ይታደራል። ለቀን ጉዞ አይሆንም።

የጎሮው (2፡47)
አዎ፣ ማደር አይቻልም። እህቴ ሰኞ ማታ ወደ ዱባይ ትመለሳለች። የመጣችው ሐሙስ ነው። ጉዞውም ለእሷ ብለን ያሰብነው ነው፤ «አንድ ቀን ዛፍ ውስጥ አውሉኝ» ብላ። እናቴም አለች። 63 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል።

ሻይ በሎሚ (2፡48)
ይኸው ወጣ! ጉልበት የሚያማቸው እናትና ከበረሃ የመጣች እህት። ይሄ ከዳቦው በፊት መነገር ነበረበት።

ጫማ ይቅደም (2፡49)
እንጦጦ። ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ በእግር ወደ ላይ።

የሽሮ ሜዳዋ (2፡58)
የሠፈሬ ነገር ስለሆነ እኔ ልናገር። ከጎሮ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ አድርጋችሁ ሽሮ ሜዳ። እስከዚህ አውቶቡስም ታክሲም አለ። እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ይላል፤ የሚያዘገያችሁ ታክሲው እስኪሞላ ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት ግን ሚኒባሶች ናቸው የሚወጡት። የሀበሻ ልብስ ሱቆቹን አልፋችሁ «ማርያም ማርያም!» የሚል ረዳት ትሰማላችሁ። እንጦጦ ማርያም ድረስ ያወጣችኋል።

በእግር ውጡ የሚለውን አትስሙ። ዱባይ ባሕር ዳር ናት፣ እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እህትህ በመጣች በአራተኛ ቀኗ ያን አቀበት በእግሯ ከጀመረች የሚተርፋት ራስ ምታት ነው። በመኪና ውጡና ላይ ላዩን ተዘዋወሩ። ከማርያም ወደ ራጉኤል የሚያስኬደው መንገድ እንደ ሽሮ ሜዳ ዳገት አያስለከልክም። ከዛፎቹ መሀል ብቅ ስትሉ ከተማው ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ፓርኩም ስላለ የተሠራ መንገድ ለሚፈልግ ሰው እዚያው አለ። ራቅ ወዳለው ጫካ ግን ተነጣጥላችሁ አትግቡ፤ ስልክም በእጅ አንጠልጥሎ መሄድ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ። ደረቅ የባህር ዛፍ ቅጠል አይታመንም። ቁልቁል ላይ እንደ ሳሙና ነው፤ ፍሬው ደግሞ ጫማ ሥር ገብቶ ይንከባለላል። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ እግራችሁን ሙሉ አሳርፉ። ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ሲመጡ ጥግ ይዛችሁ አሳልፏቸው። አጎንብሰው ነው የሚወርዱት፣ እናንተን የሚያዩዋችሁ አጠገባችሁ ሲደርሱ ነው። ሸክሙም ከመንገዱ ይሰፋል። እናትህ ሲመለሱ በታክሲ ይውረዱ። የታመመ ጉልበት የሚጮኸው ቁልቁለት ላይ ነው።

ይሄ ሁሉ እንግዲህ በሌላ እሁድ ቢሆን ነው። ነገ ስንት እንደሆነ ያየ ሰው የለም እንዴ? ኅዳር 21! ኅዳር ጽዮን፣ ያውም እሁድ ላይ ውሎ። ወደ ማርያም የሚወጣው ሕዝብ ሌሊት ነው የሚጀምረው። 1 ሰዓት ላይ ሽሮ ሜዳ ከደረሳችሁ ሰልፉ ውስጥ ናችሁ። ከ12 በፊት ድረሱ፣ ወይ ደግሞ ረፋዱ ላይ ኑ።

ጠጠር መንገድ (3፡02)
ሰልፍ ከፈራችሁ ለመገናኛ የሚቀርበው የካ ተራራ አለ። የካ ሚካኤል አካባቢ ጠይቃችሁ ወደ ዋሻ ሚካኤል ሽቅብ ነው። ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ጣሪያው ፈርሷል። በክረምት ውሃ ያቁራል፤ አሁን ይሻላል። ግን እሱም ዳገት ነው፣ ለእናትህ አላውቅም።

የጎሮው (3፡05)
ቆይ ቆይ። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ «እኔ እሁድ ማርያም ነኝ» ስትል ነበር። እኔ የሠፈሩን መስሎኝ «ሌላ ቀን ትስሚያለሽ» አልኳት። ዝም አለችኝ።

ጋሽ ምርኩዝ (3፡07)
አየህ ልጄ። እናት ዝም ስትል መልስ አገኘሁ አትበል።

የሽሮ ሜዳዋ (3፡09)
በቃ አለቀ። ነጠላቸውን ይያዙ። እሳቸው ቅዳሴ ያስቀድሱ፣ እናንተ ራጉኤል ደርሳችሁ ተመለሱ። ዳቦውን አንድ ላይ ትቆርሳላችሁ። ቅዳሴ ሳይወጣ ግን ፊታቸው ቆሎ እንዳታንኮሻኩሹ።

ያገር ልጅ (3፡11)
ስለዚህ ሃይኪንጉ ቤተ ክርስቲያን መሳም ሆነ። አያቴም የምታደርገው ይሄንኑ ነበር።

ሻይ በሎሚ (3፡12)
ላይ ጥብስ ቤት አለ?

የሽሮ ሜዳዋ (3፡13)
ጾም ነው! ነቢያት ኅዳር 15 ገብቷል።

ሻይ በሎሚ (3፡13)
ለሰው ነው የጠየቅኩት።

የጎሮው (3፡15)
የሽሮ ሜዳዋ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳለን። ደርሰን እነግራችኋለሁ።

የጎሮው (እሁድ ጠዋት 1፡20)
ሽሮ ሜዳ ነን። መነሳቱን ተነስተናል፣ ከጎሮ ታክሲ ያገኘነው ግን 12 ሰዓት ላይ ነው። ሰልፉ የልብስ ሱቆቹን አልፎ ታጥፏል። እማዬ ፊት ካሉ እናቶች ጋር ተዋውቃ እሷ ገባች፣ ታክሲውም ሄደ። ዳቦው እሷ ጋ ነው። እኛ አምስታችን እንጠብቅ ወይስ በእግር እንውጣ? እህቴ «በእግር» እያለች ነው። ቶሎ በሉ፣ ባትሪዬ 4% ነው።

የሽሮ ሜዳዋ (1፡22)
ጠብቁ! ሚኒባሶቹ ይመላለሳሉ፣ ሰልፉ ቶሎ ነው የሚያልቀው።

ጫማ ይቅደም (1፡23)
በእግር።

ዝቋላ ናፋቂ (3፡40)
ለሌላ ጊዜ ግን ዝቋላን አስቡት።

የሽሮ ሜዳዋ (ማታ 1፡05)
የጎሮው፣ እናትህን አገኛችኋቸው?

ጋሽ ምርኩዝ (ማታ 1፡50)
አዲስ ጫማ ያደረገ ነበር እንዴ?

ሻይ በሎሚ (ማክሰኞ)
ዳቦውስ?