አንድም ፔፐር ላይ ስሙ የሌለን ሰው ለሽልማት እንዴት ልጠቁም?

ሩቢዲየም87፦
ሰላም ወገኖች። እንግሊዝ አገር ፒኤችዲ እየሠራሁ ነው፤ የቀዘቀዙ አተሞች ላይ። እዚህ የአገሪቱን የኳንተም ዘርፍ (የአተምና የብርሃን ቅንጣቶችን ልዩ ጠባይ የሚጠቀመውን) ላጠናከሩ ግለሰቦች ለሚሰጥ ሽልማት ጥቆማ እየተቀበሉ ነው። እኔ የላባችንን ቴክኒሻን መጠቆም ፈልጌያለሁ።

ችግሩ ቅጹ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቀው የፔፐር ዝርዝር፣ ቀጥሎ ያስገኘውን የምርምር ገንዘብ። ሰውዬው ሁለቱም የሉትም። ሥራው ምን መሰላችሁ? አተሞቹን የምንይዝበት አየር አልባ ዕቃ (ቫኪዩሙ) አየር ሲያስገባ ሂሊየም ጋዝ በቀጭን ቱቦ ይይዝና በየመገጣጠሚያው ዙሪያ ቀስ እያለ ይነፋል። መፈተሻ ማሽኑ የጮኸበት ቦታ ላይ ቆሞ ብሎኑን ያጠብቃል። እኛ ሶፍትዌሩን ስንረግም የከረምንበትን ጣጣ እሱ ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እየደወሉ ያማክሩታል። አንድ ጀማሪ ኩባንያ ውስጥ ያሉ ልጆችም ቫኪዩም መገጣጠም የተማሩት ከሱ ነው።

ይሄን እንዴት ልጻፈው? «ታታሪ ነው፣ ትሑት ነው» ብል ማን ያነበዋል?

የድሮ ላብ፦
ወንድሜ፣ እንዲህ ያሉ ጥቆማዎችን አንብቤ አውቃለሁ። «ታታሪ» የሌለበት ደብዳቤ የለም፤ ዓይን ዘሎት ነው የሚያልፈው። ይልቅ እሱ ፈቃድ ሲወጣ ምን እንደሚቆም ጻፍ። የስልክ ምክሩንና ያሠለጠናቸውን ልጆች ደግሞ ከላይ አድርጋቸው። ሽልማቱ «የአገሪቱን» ካለ ዳኞቹ የሚፈልጉት ከራሱ በር ውጭ ያደረገውን ነው።

እንግሊዛዊውን የፊዚክስ ሊቅ ሰር ፒተር ናይትን ተመልከት። በኳንተም ኦፕቲክስ (ብርሃንን በኳንተም ሕግ በሚያጠናው ዘርፍ) ስማቸው የገነነ ነው። እዚህ ግን ሰው ሁሉ የሚያነሳቸው መንግሥት ለኳንተም ገንዘብ እንዲመድብ በማሳመናቸውም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለአምስት ዓመት 270 ሚሊዮን ፓውንድ ተፈቀደ፤ በርሚንግሃም፣ ግላስጎ፣ ኦክስፎርድና ዮርክ ላይ ማዕከሎች ተቋቋሙ።

የበርሚንግሃሙ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 በቀዘቀዙ አተሞች በሚሠራ የስበት መለኪያ ከመሬት በታች ያለ ዋሻ ማግኘቱን አሳተመ። ከላብ ውጭ፣ ደጅ ላይ! ሁለት የአተም ስብስቦችን አንዱን ከአንዱ በላይ አድርገው በሁለቱ ላይ ያለውን የስበት ልዩነት ይለካሉ፤ ሁለቱንም እኩል የሚነካው የመሬቱ ንዝረት በዚያ ይሰረዛል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ደጅ ወጥቶ እንዲሠራ ቫኪዩሙን የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል። የአንተን ሰው ከዚህ ጋር አያይዘው።

አራት ኪሎ፦
እኛ ጋ ማን ሸልሞ ያውቃል? ዶ/ር ፍስሃ ካሳሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ኳንተም ኦፕቲክስ አስተማሩ! ሥራው ንድፈ ሐሳብ ስለሆነ ውድ ሌዘር አልጠየቀም። ተማሪዎቻቸው ደግሞ ዛሬ ራሳቸው መምህራን ሆነዋል። አገራዊ ማኅበረሰብ የሚባለው ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ጊዜ ታስረው ለእስረኛ ጓደኞቻቸው ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭ ሽልማት ሲሰጣቸው ዋናው ምክንያት ሰብዓዊ መብት ነበር። ማስተማራቸው ብቻውን ቢሆን ማን ያስታውሳቸው ነበር? (በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. 2025 የኳንተም ዓመት እንዲባል ረቂቁን ለተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ያቀረበችው ጋና ናት። እኛስ?)

ደመወዝ ይቅደም፦
ሽልማቱ ይቅርና ቋሚ ቅጥር ይስጡት። የእንግሊዝ ቴክኒሻን በጊዜያዊ ውል ሲንከራተት ስንቱን አይቻለሁ።

የድሮ ላብ፦
እሱስ እውነት ነው። ግን አንዱ ለሌላው መከራከሪያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ብዙ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ለቴክኒሻኖች ዕውቅናና የሥራ ዕድገት ለመስጠት ቃል ኪዳን ፈርመዋል። ያንተም ከፈረመ በደብዳቤው ጥቀሰው። የእዚሁ አገር የፊዚክስ ኢንስቲትዩትም ለቴክኒሻኖች ብቻ የሚሰጠው ሽልማት አለው፤ የኳንተሙ ቅጽ እምቢ ካለህ ወደዚያ ዙር።

ሩቢዲየም87፦
ተባረኩ። የጀማሪ ኩባንያው ልጆች ደብዳቤ እንጽፋለን ብለዋል። በግል ኢሜይል ቢልኩት ይበቃል?

የድሮ ላብ፦
በኩባንያው ማኅተም ይሁን። ምን እንዳስተማራቸው በስሙ ይጥሩት፤ የትኛውን ፓምፕ፣ የትኛውን መገጣጠሚያ። ደግሞ ሰውዬውን ሳትነግረው እንዳትልክ።