የ30 በመቶው ዕጣ እና «ጽንፈኛ» የሚለው ቃል

ቆጣቢው (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ባለፈው ሳምንት በሻይ ሰዓት የተነሣ ክርክር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ሐሳባችሁን ለመስማት እጽፋለሁ። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 ኮንዶሚኒየም (20 በመቶውን ቆጥቦ፣ 80 በመቶውን በባንክ ብድር ለሚከፈልበት ቤት) ተመዝግበው እየቆጠቡ ዕጣ ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ። ነገሩ የተጀመረው በኮንዶሚኒየም ዕጣ 30 በመቶው ቤት ለሴቶች እንደሚለይ፣ ሴቶቹ በቀረውም ውስጥ ከወንዶች ጋር እንደሚወዳደሩ አንድ ባልደረባችን ሲያነሣ ነው። «እኩልነት ከሆነ እኩል እንሰለፍ፤ ይህ በወንድ ላይ የሚፈጸም መድልዎ ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር በልቤ ተስማምቼ ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት የጠበቀ ሰው ሆድ ይብሰዋል።

አንዲት የሥራ ባልደረባችን የድጋፍ እርምጃ በሕገ መንግሥቱ የተፈቀደበትን ምክንያት ማስረዳት ስትጀምር ግን ያው ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ «እነዚህ ፌሚኒስቶች ጽንፈኞች ናቸው፤ ሃይማኖትና ባህል ሊያጠፉ የመጡ ናቸው» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ ሻይዋን ሳትጨርስ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ከእኛ ጋር አትቀመጥም። ይህች ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር እንኳ ሰምቻት አላውቅም። እናም ሁለት ነገር ልጠይቅ። ለአንድ ወገን ድርሻ መለየት መድልዎ የማይሆነው በምን መለኪያ ነው? መብትን መጠየቅ አብቅቶ ጽንፈኝነት የሚጀምረውስ የት ላይ ነው?

የሕግ ሰው፦

ወንድሜ፣ መሳቅዎን ሳይደብቁ ስለጻፉ እኔም ሳልቸኩል ልመልስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል እንደሆኑና በጾታ ምክንያት ልዩነት እንደማይደረግባቸው ይደነግጋል፤ ባልደረባዎ የሚያነበው እስከዚህ ድረስ ነው። አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ሴቶች በታሪክ በበታችነትና በልዩነት ሲታዩ መኖራቸውን አስታውሶ፣ ያ እንዲታረምላቸው የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ የመሆን መብት ይሰጣቸዋል።

ታሪክ ሲባል ብዙ ሰው የቅድመ አያቶቹን ዘመን ያስባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሚስት ልትታዘዘው እንደሚገባ በግልጽ ይናገር ነበር፤ የጋብቻ ዕድሜም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ነበር። ይህ በፌዴራል ደረጃ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ እርስዎ ለቤት ከመመዝገብዎ 13 ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር፤ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት አይከሰስም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ወላጅ ለምኖ ወይም ፈርቶ እሺ ካለ፣ ወንጀሉ ሠርግ ሆኖ ያልፍ ነበር። ጋብቻው ጠላፊውን ከቅጣት እንደማያድነው የተደነገገው በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ለእነዚህ ለውጦች ሲወተውቱ የነበሩትን የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት «ቤት አፍራሾች» ሲሏቸው ተማሪ ሳለሁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ ጠላፊ ይቀጣ የሚለውን ሰው ጽንፈኛ የሚለው ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ጥያቄው ለጆሮ አዲስ መሆኑ ወይም ጠያቂዋ መቆጣቷ ለእኔ መለኪያ አይሆንም። የምመለከተው ተናጋሪው በሌላው ሰው መብት ላይ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልግ ነው። የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ጾታን ከብሔር፣ ከሃይማኖትና ከአካል ጉዳት ጋር አብሮ የጠራውም በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎንና ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያነሣሣውን ለመያዝ ነው። ከመቶ ቤት ሠላሳው ለሴቶች ይለይ ማለት ከዚህ ጋር በምንም አይገናኝም።

የሦስት ልጆች አባት፦

ከላይ ለጻፉት ሰው አክብሮት አለኝ፤ ይሁንና ነገሩ እንዲህ የቀለለ አይመስለኝም። ሦስት ልጆች በአንድ ደመወዝ የማሳድግ፣ እናቴንም የምጦር ሰው ነኝ። 30 በመቶው የሚለየው በጾታ እንጂ በችግር አይደለም። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እናት በየወሩ የምትቆጥበው ስለሌላት ብዙውን ጊዜ ቀድሞም መዝገቡ ላይ የለችም፤ ዕጣው ሊደርሳት የሚችለው ደህና ደመወዝ ያላት፣ ምናልባትም ባለቤቷ መኪና የሚነዳ ሴት ናት። ያልበደለው ይክፈል፣ ያልተበደለችውም ትቀበል ሲባል ለምን ብሎ የጠየቀ ሁሉ የሴት ጠላት ተደርጎ መታየት የለበትም።

ሌላም ነገር አለ። የ14 ዓመት ልጄ ስልኩ ላይ አንዷ ስለ ወንድ ሁሉ «አውሬ ናቸው» ስትል ሰምቶ «አባዬ፣ እኔም ሳድግ እንደዚያ ነው የምሆነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እዚያው ስልክ ላይ አንዱ ሴት ልጅ ካልተመታች ሥርዓት አትይዝም እያለ ሲሰብክ አገኘሁት። ልጁ ሁለቱንም በአንድ ምሽት ነው ያየው። ባልደረባችሁ ሃይማኖትን ምሽግ አድርጎ ሰው መስደቡን ግን እኔም አልወደድኩለትም።

ተከራይዋ፦

እኔ ያቺ ሻይዋን ጥላ የወጣችው ሴት ብሆን ምን እንደምላችሁ ልጻፍ። ከደብረ ማርቆስ ለሥራ አዲስ አበባ ስመጣ ደላላው ሦስት ቤት ወሰደኝ። የመጀመሪያዋ አከራይ ክፍሉን ሳታሳየኝ «ባለትዳር ነሽ?» አለችኝ፤ አይደለሁም ስላት «ላጤ ሴት አናስገባም» ብላ በሩን መለሰችው። ሁለተኛው ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ በሩ እንደሚቆለፍብኝ ተነገረኝ፤ ጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየው ወጣት ግን የውጭውን በር ቁልፍ ይዞ ነበር። ሦስተኛው ላይ ደላላው ራሱ ታክቶት «ወንድምሽን አምጪና በእሱ ስም እንዋዋል» አለኝ። ወንድሜ ያኔ የ19 ዓመት ተማሪ ነው። ኪራዩን የምከፍለው እኔ፣ ውሉ ላይ የፈረመው ደግሞ እኔ የማበላው ልጅ ሆነ። እኩል እንሰለፍ የሚሉት ወንድሞቼ ሰልፉን የሚቆጥሩት ከዕጣው ቀን ጀምረው ነው።

እናቴ ገጠር ናት። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ፎቶ አብሮ ይለጠፍበት ነበር። የጎረቤት ነጠላ ተውሳ፣ ቁማ የተነሣችው ያች ፎቶ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ናት። አጎቴ «የሚስት ፎቶ ምን ይሠራል? ሊያፋቷችሁ ነው እንጂ» ብሎ ነበር። አባታችን ሲሞት የወንድሞቹ ልጆች መሬቱን እንካፈል ብለው መጡ። እናቴ ብዙ አልተናገረችም፤ ሣጥኗን ከፍታ ደብተሩን ለሽማግሌዎቹ ሰጠቻቸው። አንዱ ሽማግሌ ፎቶውን አየ፣ እሷንም አየ፣ ደብተሩንም አጥፎ መለሰላት። ያን ፎቶ ያስለጠፉትን ሰዎች አላውቃቸውም፤ በጊዜው ምን ተብለው እንደተሰደቡ ግን መገመት አያቅተኝም።

የሕግ ሰው፦

ለሦስት ልጆች አባት፦ ድርሻው ድህነትን አያይም ያሉት እውነት ነው፤ ገቢን ጨምሮ ቢመዝን እኔም እደግፋለሁ። ያ ግን መለያው ይስተካከል የሚያሰኝ ነው፤ ይቅር አያሰኝም። በተረፈ ያቺ ባለመኪና ባል ያላት ሴት ዕጣ ሲደርሳት ባልየውም ባዶ እጁን አይቀርም። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት በትዳር ዘመን የተፈራ ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ልጅዎን በተመለከተ፣ ሁለቱም ንግግሮች አስቀያሚ መሆናቸው አያከራክርም፤ ሴት ትመታ የሚለው ግን ማታውኑ በአንድ ሰው ቤት በተግባር ሊውል ይችላል።

የሦስት ልጆች አባት፦

በልጄ ጉዳይ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ በዕጣው ላይ ግን ገና አልተሸነፍኩም። ብቻ አንድ ነገር ልናዘዝ። ስንመዘገብ በማን ስም ይሁን ብለን ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ነበር። «የቤቱ ራስ አንተ ነህ፣ በአንተ ይሁን» ያለችው እሷ ናት፤ እኔም ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ትናንት ይህን ክርክር ሳነብላት ከት ብላ ሳቀችብኝ።

ቆጣቢው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ወደ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ሄጄ ስለ ሳቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ «የሳቃችሁት በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታው በሹክሹክታ ለምን ይሆናል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገ በሻይ ሰዓት፣ ያ ሰው ባለበት፣ ልናገር አስቤያለሁ። ተናግሬ ስመለስ እዚሁ እጽፋለሁ።