ሰርቨር ልረከብ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። ሦስት ዓመት ኮምፒውተርና ፕሪንተር ስጠግን ነው የቆየሁት። ሰርቨሮቹን የሚይዘው ልጅ ሥራ ለቀቀና ሁለቱም ሰርቨሮች እኔ ላይ ወደቁ። አንደኛው ላይ የአንድ ዲስክ መብራት ብርቱካናማ ሆኗል። አራት ዲስክ አለው፣ ሬይድ 5 ነው (ዳታውን በዲስኮቹ ላይ አከፋፍሎ አንዱ ቢሞት እንዳይጠፋ የሚያደርግ አሠራር)። ሲስተሙ ግን ይሠራል። ምን ላድርግ? ይህን ሥራ ለመቻልስ ምን ልማር?

ሌሊት ተረኛ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ እጅህን ሰብስብ። ሬይድ 5 የሚችለው የአንድ ዲስክ ሞት ብቻ ነው። በስህተት ጤነኛውን ከነቀልክ ጉድ ፈላ። ዛሬውኑ ባክአፕ (የዳታውን ቅጂ ሌላ ቦታ) ውሰድ። ከዚያ የሬይድ ኮንትሮለሩ (ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ክፍል) ውስጥ ገብተህ የተበላሸውን ዲስክ ሲሪያል ቁጥር ጻፍ። የቦታ ቁጥሩን ብቻ አትመን። ብዙ ማሽኖች ከ0 ነው የሚቆጥሩት፤ «ዲስክ 2» ሲልህ ሦስተኛውን ማለቱ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ የተነቀለ ዲስክ በእጄ ይዤ ነው።

አዲሱ ዲስክ በመጠን ከድሮው እንዳያንስ፣ የመሰኪያ ዓይነቱም አንድ ይሁን፤ ሳስ ከሆነ ሳስ፣ ሳታ ከሆነ ሳታ። ሆት ስዋፕ ከሆነ ማሽኑን ሳታጠፋ ትቀይራለህ። ሪቢልዱ (ዳታውን አዲሱ ዲስክ ላይ መልሶ መገንባቱ) ሰዓታት ይፈጃል፣ ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ከቀንም ያልፋል። እስኪያልቅ ምንም አትነካካ።

ገመድ ፈቺ
ሬይድ ራሱ ባክአፕ አይደለም፣ ይህን ያዝልኝ። በስህተት ያጠፋኸው ፋይል ሬይድ ስላለ አይመለስም። ባክአፕ አለኝ የምትለውም አንድ ፋይል መልሰህ፣ ከፍተህ ስታየው ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ጥገና መቻልህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚጎድልህ ኔትወርክ ይመስለኛል፦ አይፒ (የማሽኑ አድራሻ ቁጥር)፣ ሰብኔት (የኔትወርኩ ክፍልፋይ)፣ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረው)። «ሰርቨሩ ሞተ» ሲሉህ በስም እምቢ ብሎ በአይፒ ከገባ፣ ማሽኑን ተወውና ዲኤንኤሱን ፈትሽ።

ሎግ አንባቢ
እኔ ግን ሊኑክስን (ብዙ ሰርቨር የሚሠራበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም) እና ሎግ (ማሽኑ የገጠመውን የሚመዘግብበት ፋይል) ማንበብን አስቀድማለሁ። አንዴ ሰርቨሩ «ቦታ የለም» እያለ ያስቸግረኛል፣ ዲስኩን ሳየው ግማሹ ባዶ ነው! ግማሽ ቀን ስዳክር ዋልኩ። ለካ ያለቀው ኢኖድ (የአንድን ፋይል መረጃ የሚይዝ መዝገብ) ነው። አንድ ፕሮግራም ትንንሽ ጊዜያዊ ፋይሎችን እየፈጠረ ሳያጠፋ ትቷቸዋል። የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ለየፋይሉ አንድ ኢኖድ ይይዛል፤ እሱ ካለቀ ባዶ ቦታ ቢኖርም አዲስ ፋይል አይፈጠርም። ዲስክ ስታይ ኢኖዱንም እይ። ደግሞ አንድ በአንድ ቀይር። ሦስት ነገር አንዴ ቀይረህ ቢሠራ፣ የቱ እንዳዳነህ አታውቅም።

ሌሊት ተረኛ
ገጠማውን ረሳነው። ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ላይ ከባዱ ከታች ይሁን፣ ከላይ ከሆነ ራኩ ሊወድቅብህ ይችላል። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው ሁለቱን በተለያየ መስመር ሰካ። አንድ ማከፋፈያ ላይ ከሰካሃቸው ሁለት መሆናቸው ምን ጠቀመህ?

ጠያቂው
ተባረኩ። ኮንትሮለሩ «ዲስክ 1» ይላል፣ መብራቱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። እንደተባለው ከ0 ነው የሚቆጥረው። ሲሪያሉን ጽፌ ማሽኑ ላይ ለጠፍኩት። ባክአፑን ሳየው ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳካው ከሰባት ወር በፊት ነው። አሁን አዲስ እየወሰድኩ ነው፣ 38 በመቶ ደርሷል። ዲስኩን እሱ ሳያልቅ አልነካም።