ሄይሎ ጆንስ በቀለም ወይስ በጥቁርና ነጭ? «የበጀት ጉዳይ ነው» ለምትሉ

አራዳው ድሬድ፦
ትናንት አንድ ጀማሪ «የእንግሊዙን ሳምንታዊ ኮሚክ 2000 ኤዲን ከየት ልጀምር?» ብሎ ጠየቀ። ሶፊ የመለሰችለትን ቃል በቃል ልድገመው፦ «ሄይሎ ጆንስ፣ ባለቀለሙ እትም። ጥቁርና ነጩ የበጀት ጉዳይ እንጂ ምርጫ አልነበረም።» ከሄይሎ ታሪክ ይጀምር ማለቷ ጥሩ ምክር ነው። «የበጀት ጉዳይ» የምትለውን ግን ዝም ብዬ አላልፋትም። የሄይሎ ሰዓሊ ኢያን ጊብሰን ገጹ በጥቁርና ነጭ እንደሚታተም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እያወቀ ነው የሣለው። ብርሃኑን በባዶ ወረቀት፣ ጥላውን በጥቁር ነጠብጣብና በድፍን ጥቁር ሠርቶ ጨርሶታል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ባለቀለም እትም ባለቀ ሥራ ላይ የተጨመረ ሥራ ነው።

ሶፊ፦
አልካድኩም፣ አልክድምም። ሳምንታዊው ኮሚክ ከ1977 ጀምሮ በጋዜጣ ወረቀት ሲታተም ቀለም የነበረው ሽፋኑና መሃሉ ላይ ያለው ጥንድ ገጽ ብቻ ነው። ያ ጥንድ ገጽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለመጽሔቱ ዋና ገጸ ባሕርይ ለጀጅ ድሬድ ነበር። ለሌላው ቀለም አልተሰጠውም፤ ይኼ በጀት ካልሆነ ምንድነው? ጊብሰን ሽፋን በቀለም ሲሥል አይተናል፣ ይችልበታል።

አራዳው ድሬድ፦
በቀለም መሣል መቻሉና ይኼን ሥራ ለቀለም መሣሉ ሁለት ነገር ነው። ለቀለም የሚሥል ሰው ቦታ ይተዋል፤ ሰማዩን አያጠቁርም፣ ልብሱን በጭረት አይሞላም፤ ያን ሥራ ለቀለሙ ይተውለታል። ለጥቁርና ነጭ የሚሥል ግን ሁሉንም ራሱ ይጨርሳል። በጨረሰው ላይ ቀለም ስትደርቢ አንድ ጥላ ሁለቴ ይጣላል፤ መጀመሪያ በጭረት፣ ከዚያ በቀለም።

ቤተልጌስ፦
አራዳው ያለውን ከሥራው አኳያ ላስረዳ። የቆየ ገጽ እንዲህ ነው የሚቀባው። ኦሪጅናሉ ከተገኘ በ600 ወይም በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ያለ የነጥብ ብዛት) ስካን ይደረጋል። ከዚያ የጥቁሩ መነሻ ልክ ይወሰናል፤ ልኩ ከበዛ ቀጭኑ ጭረት ተጠጋግቶ ይደፈናል፣ ካነሰ መስመሩ ይቆራረጣል። የጸዳው መስመር ከላይ ባለው ንብርብር ላይ ብቻውን ይቀመጣል፤ ከሥሩ እያንዳንዱ ቅርጽ በድፍን ቀለም ይሞላል፣ በመጨረሻም ጥላና ብርሃን ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። ቀለም ቀቢው ሰዓሊው የሠራውን ጥላ አይቶ ማቆም ሲገባው የራሱን ይጨምራል።
ኦሪጅናሉ ካልተገኘ ደግሞ ስካን የሚደረገው ከታተመው መጽሔት ነው። ጋዜጣ ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ መስመሩ ከተሣለው ወፍሮ ይወጣል። ነጠብጣብ ያለበት ግራጫ ካለ ጭራሽ መከራ ነው፤ የድሮው ነጠብጣብ ከአዲሱ ማተሚያ ነጠብጣብ ጋር ተጋጭቶ ሞገድ የመሰለ መስመር ይፈጥራል።

ሶፊ፦
ቤተልጌስ፣ እናመሰግናለን፤ ግን የነገርከን ቀለም ሲበላሽ እንዴት እንደሚበላሽ ነው። የ2018ቱ ተበላሽቷል አላልክም። ቀለም ቀቢዋ ባርባራ ኖሴንዞ ድፍን ቀለም በልክ ነው የተጠቀመችው፣ ጥላ በጥላ ላይ አልቆለለችም።
ደግሞ ከሦስቱ የሄይሎ መጽሐፎች አንደኛውን አስቡት። ሁፕ ውስጥ ነን፤ ሰው በሰው ላይ የተጠቀጠቀበት ተንሳፋፊ ሰፈር። የተራኪ ሳጥን የለም፣ የሚነጋገሩት በፈጠራ አራዳ ቋንቋ ነው፤ ደራሲው አለን ሙር ምንም ሳያብራራ ነው አንባቢውን የሚወረውረው። ጀማሪ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ሄይሎ የቷ ናት፣ ጓደኛዋ ሮዲስ የቷ ናት ብሎ ይፈልጋል። በቀለም ልብሷን አንዴ ካየ እስከ መጨረሻ አይጠፋበትም። በስልክ የሚያነብማ ያለ ቀለም አይዘልቀውም።

ሚኪ ለንደን፦
ሶፊ እውነቷን ነው። አንደኛው መጽሐፍ ጀማሪ ይገፋል። ሦስተኛው ላይ፣ በተለይ ቶይ ስትሞት...

አራዳው ድሬድ፦
ሚኪ! ጀማሪው እኮ እዚሁ እያነበበ ነው!

ሚኪ ለንደን፦
በ1986 የታተመ ነው፣ ስንት ዓመት ልደብቅ?

ሶፊ፦
ላላነበበ ሰው ትናንት የታተመ ነው። አጥፋው።

ጋሽ ፕሮግ፦
ልጆች፣ በቀለሙ ስትጣሉ ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘነጋችሁ። ዋናውን መጽሔት ማንበብ ይቻላል። አንደኛው መጽሐፍ ከፕሮግ (የሳምንቱ እትም ማለት ነው) 376 እስከ 385፣ ሁለተኛው ከ405 እስከ 415፣ ሦስተኛው ከ451 እስከ 466 ነው፤ በድምሩ 37 እትም። ተራርቀው ስለወጡ በአንድ ጥቅል ብዙም አይገኙም፣ በተን በተን ብላችሁ ነው የምትለቅሙ። ስትገዙ ጀርባ ገጹን ገልብጡ፤ ልጆች ኩፖን ቆርጠው ከሆነ ከኋላው ያለው ሥዕልም አብሮ ተቆርጧል። የመሃሉ ወረቀት ከሽቦው መላቀቁን እዩ። ሽቦው ከዛገ ዝገቱ ወረቀቱን ዙሪያውን ይበላዋል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ማይላር ከሚባል ፕላስቲክ በተሠራ ከረጢት ውስጥ፣ አሲድ የሌለው ካርቶን ከጀርባው አድርጋችሁ፣ ጨለማና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት የመጣ ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይበልዛል፣ ቆይቶ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራል።

ሶፊ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ መለሱልኝ። ይሰባበራል ካሉኝ በኋላ ለጀማሪ እንዴት ነው ያንን የማቀርበው?

ጋሽ ፕሮግ፦
ለጀማሪ አላልኩም እኔ። ጥቁሩ ምን ያህል ጥቁር እንደነበር ለሚከራከር ሰው ነው ያልኩት። ጋዜጣ ወረቀት ላይ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያዘነብላል፣ ነጩም ነጭ አይደለም። አሁን በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ የታተመው ጥቁርና ነጭም «ዋናው» አይደለም፤ ከዋናው ይልቅ የደመቀ ነው።

ቤተልጌስ፦
ትልቅ ነጥብ ነው ጋሼ። አንድ ልጨምር፦ ጋዜጣ ወረቀት የሚሸከመው የአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ድምር ወደ 240 በመቶ ገደማ ነው፣ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ግን 300 ያልፋል። ሰዓሊው ለመጀመሪያው አስቦ የሣለው ሁለተኛው ላይ ሲወጣ ይከብዳል።

አራዳው ድሬድ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የወረቀቱ ጥራት ሌላ፣ የሰዓሊው ውሳኔ ሌላ። ወደ «በጀት ጉዳይ» ልመለስ፣ እሷን ሳትመልስልኝ ነው ሶፊ ወደ ስልክ የዞረችው።
የዚህ መጽሔት ምርጥ ሰዓሊዎች በሙሉ የበጀቱን ገደብ ወስደው ቋንቋ አድርገውታል። ካርሎስ ኤዝኬራ ቅርጹን የሚከብበው ተቆራርጦ በሚሄድ ወፍራም መስመር ነው፤ ያ መስመር ያለ ምንም ቀለም ሰውየውን ከኋላው ካለው ሥዕል ይለየዋል። ማይክ መክማን የድሬድ ታሪክ በሆነው «ከርስድ ኧርዝ» ላይ ድፍን ጥቁሩን ነው ሚዛን ያደረገው። ብራያን ቦላንድ የድሬድን ጠላት ጀጅ ዴዝን ሲሥል ከጨለማ ውስጥ ነጭ እየፈለቀቀ ነው የሚያወጣው። ኬቨን ኦኒል «ኔመሲስ» የተባለው ታሪክ ላይ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር አልተወም፤ ቀለም የት ይገባል? የበጀቱ ገደብ ባይኖር እነዚህ ሰዎች እንዲህ አይሥሉም ነበር። ስለዚህ በጀት ምክንያቱ ነበር ብትዪ እስማማለሁ፤ «ምርጫ አልነበረም» የምትለዋን ነው የማልቀበለው።

ሶፊ፦
አየህ፣ ራስህ «በጀት ምክንያቱ ነበር» አልክ። የቀረው የቃላት ጨዋታ ነው። እነ ኤዝኬራ ቀለም በተሰጣቸው ቀን ደግሞ እምቢ አላሉም። 1980ዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ወረቀቱ ሲሻሻል ሁሉም ወደ ቀለም ሮጠ፤ ሳይመን ቢዝሊ «ስሌይን» የተባለውን ታሪክ በቀለም ቅብ ሲሠራ ማን አለቀሰ?

አራዳው ድሬድ፦
ቢዝሊ በቀለም ስለጀመረ በቀለም ጨረሰ! የሱን ሥራ ወስደሽ በጥቁርና ነጭ ብታትሚው እኔ ነኝ የምጮኸው። ሁለቱንም ወገን የምጠብቀው በአንድ ሕግ ነው፦ የተሣለው እንደተሣለ ይታተም።

ሚኪ ለንደን፦
እሺ፣ ያ ሕግህ የድሬድን የቆዩ ታሪኮች ሰብስቦ የሚያትመውን «ኬዝ ፋይልስ»ንም ይመለከታል ማለት ነው። ከ2005 ጀምሮ ሲወጣ የድሬድን የመሃል ገጾች፣ በቀለም የተሠሩትን፣ በግራጫ ነው ያተመው። ቀይና አረንጓዴ ወደ ግራጫ ሲገለበጡ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ ሁለት ገጽ ጭቃ መስሎ ይወጣል። መጽሐፉ በሙጫ ስለተደጎሰ ደግሞ የጥንድ ገጹ መሃል ጥራዙ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ጉዳይ ስትጮህ ሰምቼህ አላውቅም።

አራዳው ድሬድ፦
አሁን ስማኝ፦ ያም ጥፋት ነው። ቀለም የነበረው በቀለም ይታተም።

ሚኪ ለንደን፦
ለዚያ ግን አንድ መስመር፣ ለሄይሎ ግን አርባ መስመር ጻፍክ።

ቤተልጌስ፦
የአሜሪካኖቹን አትርሱ። በ1980ዎቹ የ2000 ኤዲ ሥራ ለአሜሪካ ገበያ እንደገና ሲታተም ቀለም ቀቡት፤ አልፎ ተርፎ፣ የእንግሊዙ ገጽ ሰፋ ያለ ስለሆነ ወደ ጠባቡ የአሜሪካ ገጽ ለማስገባት ሥዕሉን ወደ ላይ የጎተቱ እትሞች ነበሩ። ሰዉ ሁሉ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ወጣ። የቀለም ተቃዋሚዎች ቂም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሶፊ፦
የአርባ ዓመት ጥፋት በ2018 እትም ላይ መጫን ግን ልክ አይደለም። የአሁኑ አሳታሚ ሪቤልዮን መጽሔቱን በ2000 ከገዛው ወዲህ ለአርካይቩ የሠራውን ሌላ ማንም አልሠራም። «ከርስድ ኧርዝ» በሃምበርገር ንግድ ድርጅቶች ላይ በቀለደው ቀልድ የተነሣ ለአሥርት ዓመታት ምዕራፍ ጎድሎት ነበር፤ በ2016 ሙሉውን ማን አወጣው? ጥቁርና ነጩን ሄይሎም ከገበያ ላጥፋ አላለም።

ጋሽ ፕሮግ፦
ስለ ድርጅት ታማኝነት ስታወሪ ግን ልጄ፣ ዘጠኝ መጽሐፍ የታሰበለት ሄይሎ ሦስት ላይ የቆመው ለምን ሆነና? ሙር በመብት ጉዳይ ከያኔው አሳታሚ ጋር ተቀያይሞ ነው የሄደው። የሠራተኞቹን ስም እንኳ መጀመሪያ አያትሙም ነበር፤ በ1977 ኬቨን ኦኒል ነው በፕሮግ 36 የስም ሳጥኗን ያስገባት። ባለቤቱ ይቀያየራል፣ ሥራው የማን እንደሆነ የሚለው ጥያቄ ግን ያው ነው። ቀለምም የባለመብቱ ውሳኔ ነው፣ የሠሪዎቹ አይደለም።

ሶፊ፦
ጋሼ፣ ያኔ አሳታሚው አይፒሲ ነበር፣ ሪቤልዮን ገና አልነበረም! የአባትን ዕዳ ለማያውቀው ልጅ አያስከፍሉ።

ጋሽ ፕሮግ፦
የአባቱን ቤት የወረሰ ዕዳውንም ይወርሳል።

አራዳው ድሬድ፦
ከመብት እንመለስ እባካችሁ። ሶፊ፣ ክርክሩን በአንድ ነገር እንፈትነው። ከሦስተኛው መጽሐፍ ሞአብ የተባለችው ፕላኔት ላይ ያለውን ጦርነት ውሰጂ። ስበቱ ከመክበዱ የተነሣ ጊዜው የሚዘገይበት ቦታ ነው፤ እዚያ ውስጥ ደቂቃ ሲያልፍ ውጭ ብዙ ቀን ያልፋል። የባለቀለሙን ገጽ ስካን አድርጊና ቀለሙን አጥፊው፣ ወደ ግራጫ ብቻ ለውጪው። ከዚያ ከጥቁርና ነጩ ጎን አስቀምጪው። ጊብሰን ነጭ የተወው ቦታ ሁሉ አሁን መካከለኛ ግራጫ ሆኗል። ዓይን መጀመሪያ የሚሄድበት ቦታ ተቀይሯል። ሰውየውና ከኋላው ያለው ሥዕል ተጠጋግተዋል።

ቤተልጌስ፦
ፈተናው ትክክል ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ቀለም የሚለየው በጨለማና ብርሃን ብቻ አይደለም፤ ቀይና ሰማያዊ ግራጫው እኩል ቢሆንም ዓይን ይለያቸዋል። ቀለሙን አጥፍተህ «አይለይም» ማለት ለባለቀለሙ ፍትሐዊ አይደለም።

ሶፊ፦
ተባረክ ቤተልጌስ!

አራዳው ድሬድ፦
ቆይ፣ «ጎደሎ» አልክ እንጂ «ስህተት» አላልክም። ነጩ ቦታ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም?

ቤተልጌስ፦
ብዙ ቦታ ጠፍቷል። የፍንዳታው ብርሃን ላይ ግን ኖሴንዞ ነጩን ትታዋለች።

አራዳው ድሬድ፦
«ብዙ ቦታ ጠፍቷል።» ይኼን ይዣለሁ።

ሶፊ፦
«ነጩን ትታዋለች» የሚለውንም ያዘው። የትኛው ገጽ እንደሆነ ንገረኝና ሁለቱንም እለጥፋለሁ፤ አንተ የመረጥከውን ብቻ ሳይሆን ከሁፕም አንድ እጨምራለሁ።

አራዳው ድሬድ፦
ከሁፕ አትጨምሪ፣ ያወራነው ስለ ሞአብ ነው።

ሚኪ ለንደን፦
ለምን አትጨምር? የመጀመሪያ ክርክሯ እኮ ስለ ሁፕ ነው፣ ለእሱ እስካሁን አልመለስክም።