«መሮጥ ቁጭ ብሎ ከመዋል እኩል ይገድላል» የሚለው ዜና አባቴን ከእግር ጉዞ አስቀራቸው፤ እባካችሁ ዛሬውኑ እርዱኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አባቴ በየማለዳው ከሰፈራችን ሽማግሌዎች ጋር ያደርጉት የነበረውን የእግር ጉዞ እርግፍ አድርገው ትተውታል። ምክንያቱም «ብዙ መሮጥ ቁጭ ብሎ ከመዋል እኩል ዕድሜ እንደሚያሳጥር የዴንማርክ ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» የሚል ዝግጅት በሬዲዮ መስማታቸው ነው። ራሳቸው መተዋቸው ሳያንስ ጓደኞቻቸውንም አሳምነው አስቀርተዋቸዋል። እኔ ስናገር «ከዴንማርክ ሐኪሞች አንቺ ትበልጫለሽ?» ይሉኛል። ጋዜጠኞች የሰው ጤና የሚነካ ነገር እንዲህ እንደ ዋዛ ሲያወሩ ሃይ የሚላቸው የለም? ነገ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ቡና ለመጠጣት እኛ ቤት ስለሚመጡ፣ ጥናቱ በእርግጥ ምን እንዳለ ዛሬ ማታ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ከሐዋሳ፦ ሐኪም ያነጋግሯቸው። የሐኪም ቃል ይሰማል።

የስታትስቲክስ መምህር፦ እኅቴ፣ እንደ አገላለጽዎ ከሆነ ጥናቱ «የኮፐንሃገን ከተማ የልብ ጥናት» ከሚባለው ረጅም ክትትል የወጣውና እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የልብ ሕክምና ኮሌጅ መጽሔት የታተመው ነው። ያን ጊዜም በብዙ አገሮች ልክ አባትዎ በሰሙት አኳኋን ተዘግቧል። አጥኚዎቹ 1,098 ጤናማ ሯጮችን ከ2001 ጀምሮ ተከታትለው፣ ከማይሮጡና ብዙም ከማይንቀሳቀሱ ሰዎች ጋር አነጻጽረዋቸዋል። ሯጮቹን በሦስት ምድብ ሲከፍሏቸው፣ ቀለል አድርገው የሚሮጡት በክትትሉ ዘመን የመሞት ዕድላቸው ከማይንቀሳቀሱት በ78 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የጥናቱ ጠንካራ ውጤት ይህ ነው። ዜናው ግን ይህን ወደ ጎን ትቶ የያዘው ሦስተኛውን ምድብ፣ ማለትም በፍጥነትና በብዛት የሚሮጡትን ነው።

በዚያ ምድብ የነበሩት ሰዎች 40 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም የሞቱት 2 ናቸው። የዓለም ጋዜጦች ርእስ በእነዚህ በሁለት ሰዎች ሞት ላይ ቆሞ ነበር። ቁጥሩ ይህን ያህል ትንሽ በመሆኑም የተገኘው ግምት እጅግ ሰፊ ነው፤ በብርቱ የሚሮጡት የመሞት ዕድል ከማይንቀሳቀሱት ከግማሽ በታች (0.48) ሊሆን ይችላል፣ ከስምንት እጥፍ በላይም (8.14) ሊሆን ይችላል። ግምቱ እንዲህ ሲሰፋ አጥኚው ማለት የሚችለው «ልዩነት መኖር አለመኖሩን ማየት አልቻልኩም» ብቻ ነው። ዘጋቢው ደግሞ ይህን «እኩል ነው» ብሎ ጻፈው። የተጠቀሰው ሞት ከማንኛውም ምክንያት የመጣ መሆኑን፣ ማለትም መሮጥ ገደላቸው የሚል ነገር በጥናቱ ውስጥ አለመኖሩንም ያስተውሉ።

ደግሞም ይህ የምልከታ ጥናት ነው። ማን ይሩጥ ማን ይቀመጥ ብሎ በዕጣ የመደበ የለም፤ ሰዎቹ ራሳቸው በመረጡት አኗኗር ነው የታዩት። ስለዚህ የሚሮጡት ቀድሞውንም በኑሮም ሆነ በጤና የተሻሉ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያ 78 በመቶም ቢሆን ሁሉም የሩጫ ውጤት ነው ለማለት አይቻልም። አንድ ጥናት በጎ ነገር ስለተናገረልን ብቻ ጥያቄ ሳናነሣበት ማለፍ የለብንም።

የማለዳ ሯጭ፦ እኔ በየሳምንቱ እንጦጦ የምወጣ ሰው ስለሆንኩ ዜናው እውነት ቢሆን ኖሮ ቀድሜ የምደነግጠው እኔ ነበርኩ! አባትዎ ግን ይራመዳሉ እንጂ አይሮጡም አይደል? መምህሩ የጠቀሱት ጥናት የሯጮችን ፍጥነትና ሰዓት የመዘነ ነው፤ ሽማግሌዎች እየተጨዋወቱ የሚያደርጉትን የማለዳ ጉዞ አደገኛ ነው የሚል ቃል የለበትም። ነገ ሽማግሌዎቹ እናንተ ቤት የሚመጡት በእግራቸው ከሆነ፣ ቡናው ሳይቀርብ ይህን አስታውሷቸው።

የቀድሞ ጋዜጠኛ፦ ጠያቂዋ ጥፋቱን ሁሉ በጋዜጠኞች ላይ ማድረጋቸው ተገቢ አይመስለኝም። በእንግሊዝ አገር የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ20 ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ 462 የጤና ጥናት መግለጫዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ፣ ከመግለጫዎቹ 40 በመቶ የሚሆኑት ለአንባቢው ከጥናቱ በላይ የተጋነነ ምክር የሚሰጡ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ግነቱ ብዙ ጊዜ ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ይነሣል፤ ቀኑ ሳያልቅ ዜና አድርስ የሚባል ዘጋቢ ደግሞ የሚይዘው ያንኑ መግለጫ ነው።

የስታትስቲክስ መምህር፦ ያንን ሥራ አውቀዋለሁ። በተጋነነ መግለጫ ላይ ተመሥርተው ከተሠሩት ዜናዎች 58 በመቶዎቹ የተጋነነ ምክር ነበረባቸው፤ መግለጫው ሳይጋነን ሲቀር ግን 17 በመቶዎቹ ብቻ። ሆኖም መግለጫውን የጻፈው ሌላ ስለሆነ ዘጋቢው ነጻ ይወጣል ማለት አይደለም። ስንት ሰው ተጠና፣ ከእነርሱስ ስንቱ ታመመ ወይም ሞተ ብሎ መጠየቅ የሒሳብ ሊቅነት አይፈልግም።

የቀድሞ ጋዜጠኛ፦ በዚህ እንስማማለን። እ.ኤ.አ. በ2015 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ቸኮሌት ክብደት ለመቀነስ ያግዛል የሚል ጥናት ሆን ብሎ በደካማ መንገድ ሠርቶ አሳተመ። ተሳታፊዎቹ 15 ነበሩ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የተለካው ነገር ግን 18 ዓይነት ነው። ያን ያህል ነገር ከተለካ አንዱ በአጋጣሚ «ውጤት» መስሎ መታየቱ አይቀርም። ዜናው በጀርመን ትልቁ ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ሳይቀር ወጣ፤ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ስንት እንደሆነ የጠየቀ ዘጋቢ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል።

ተመልካች፦ ሳይንቲስቶች ራሳቸው መች ይጸናሉ? ቡና ካንሰር ያመጣል ብለው አስፈራርተውን ነበር፤ በኋላ ደግሞ አያመጣም አሉ። አባትየው ጆሯቸውን ቢደፍኑ ምን ይፈረድባቸዋል?

የስታትስቲክስ መምህር፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቡናን እ.ኤ.አ. በ1991 «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ ያስገባው የፊኛ ካንሰርን በተመለከተ ነበር፤ በ2016 ብዙ ተጨማሪ ጥናት ተመልክቶ ከዚያ አወጣው። ማስረጃ ሲጨመር ፍርድን ማረም የሥራው ወግ ነው። በዚያው ዓመት ያስጠነቀቀው ከ65 ዲግሪ በላይ ስለሚፋጅ ማንኛውም መጠጥ ነው፤ እርሱም በረድ አድርጎ በመጠጣት የሚፈታ ነገር ነው።

ነርስ ነኝ፦ እኅቴ፣ ዕድሜያቸው ስንት ነው? የሚታወቅ ሕመምስ አለባቸው? ጉዞውን ከተዉ ምን ያህል ሆናቸው?

ጠያቂ፦ 68 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው፤ የእግር ጉዞውንም ያዘዙላቸው ሐኪማቸው ናቸው። ከተዉት ወር አልፏል።

ከሐዋሳ፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ወደ ሐኪማቸው ይውሰዷቸው።

ነርስ ነኝ፦ እንግዲያው ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። መራመድ ጡንቻ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር እንዲጠቀምበት ያደርጋል፤ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን የወሰኑትም ይራመዳሉ ብለው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ስኳራቸው ይለካ፤ መጠኑም ተጽፎ ለሐኪማቸው ይታይ። ሲመለሱ በአጭር ጉዞ ይጀምሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአረጋውያንም ቢሆን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ወደዚያ ግን ቀስ በቀስ ነው የሚደረሰው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ስኳራቸው በመንገድ ላይ ሊወርድ ስለሚችል ባዶ ሆዳቸውን አይውጡ፤ በኪሳቸውም ከረሜላ አይጥፋ። ከጉዞ ሲመለሱ ጫማቸውን አውልቀው የእግራቸውን መዳፍ በየቀኑ ይመልከቱ፤ ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ሳይሰማው ሊሰነብት ይችላል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ጉልበታቸውን ወይም እግራቸውን ያማቸው ይሆን? ሬዲዮውን ምክንያት አድርገው ሕመማቸውን የሚደብቁ አባቶች አጋጥመውኛል።

የማለዳ ሯጭ፦ ለነገ ጠዋት ጮክ ብለው የሚያነቡላቸው ይኸውና፦ «አባባ፣ የዴንማርክ ሐኪሞች ያጠኑት ሩጫን ነው። በዝግታ የሚሮጡት ከሚቀመጡት ይልቅ ብዙ ቆይተው ተገኝተዋል። የሚያስፈራው ወሬ የመጣው በብርቱ ከሚሮጡ 40 ያህል ሰዎች ሁለቱ ስለሞቱ ነው፤ በምን እንደሞቱም ጥናቱ አልለየም። ተራመዱ ያሉዎት እርስዎን መርምረው የሚያውቁዎት ሐኪምዎ ናቸው።»

የቀድሞ ጋዜጠኛ፦ ጠያቂዋ ዝግጅቱ የተላለፈበትን ቀንና ሰዓት ከአባትዎ አጣርተው ይጻፉልኝ። የጣቢያውን ስም እዚህ መጥቀስ አያስፈልግም። የ40ውንና የ2ቱን ቁጥር ጠቅሼ የእርማት ጥያቄ ደብዳቤውን እኔ አረቅቃለሁ፤ እርስዎም አባትዎም ፈርማችሁ ለአዘጋጁ መላክ ትችላላችሁ።

ነርስ ነኝ፦ ስለ እግራቸው የጠየቅሁት አልተመለሰልኝም። ስኳራቸው ተለካ?